የአባ ሰባቴ ሳሙና

መጋቢት አሥራ አራት ቀን ነበር። በመመረቂያ ጽሑፏ ገጽ አርባ አንድ ላይ የሰፈረው ይህ ቀን ነው፤ የጻፈችውም እሷው ራሷ ናት። ግን የዛሬዋ መምህርት፣ የያኔዋ ተማሪ፣ ያንን ቀን ባስታወሰች ቁጥር ከመስኮቱ ውጭ ዝናብ ይወርዳል፤ በዚያ ከተማ ደግሞ በመጋቢት አጋማሽ እምብዛም አይዘንብም። ታዲያ ሚያዝያ ይሆን? የሚያዝያ መጨረሻ? የሥራ ደብተሯን ብታገላብጥ መልስ አታገኝበትም። የዚያን ቀን ሥራው ተበላሸ ብላ ስለ ተናደደች ቀኑን አልመዘገበችም ነበር። ቀኑን የሞላችው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ጽሑፏን ስታጠናቅቅ፣ በግምት ነው። አንድ ወር ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል ማንን ይጎዳል ብላ ነበር።

ማንን እንደሚነካ የገባት ዘግይቶ ነው።

አባ ሰባቴ የቤተ ሙከራው ዕቃ አጣቢ ነበሩ። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎች ናቸው። እሳቸው አንድን ብርጭቆ በሳሙና ካሹ በኋላ አምስት ጊዜ በቧንቧ ውሃ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ በተጣራ ውሃ ያለቀልቁታል፤ በድምሩ ሰባት። ስድስት ሆኖ አያውቅም። ፊት ለፊት ሁሉም ሰው «ጋሼ» ነበር የሚላቸው፤ እሳቸው ግን የቅጽል ስማቸውን ያውቁታል፣ የጠሉትም አይመስሉም። «ስምንተኛው ለእናንተ የተቀመጠ ነው፤ አንድ ቀን ምላሳችሁን አለቀልቅበታለሁ» ይሏቸው ነበር።

አጠር ያሉ፣ ትከሻቸው ወደ ፊት ያዘነበለ ሰው ናቸው። ጋዋናቸው ስለሚረዝምባቸው እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፈው ነው የሚለብሱት። ደረት ኪሳቸው ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አይጠፋም፤ እጅ ሊጠርጉበት ከሞከረ ተማሪ ጋር ሳምንት ሙሉ አይነጋገሩም። ዕቃ መጥራቱን የሚያረጋግጡት በዓይን ብቻ አልነበረም። አውራ ጣታቸውን በብርጭቆው ከንፈር ላይ ያሽከረክሩና ጆሯቸውን ጠጋ ያደርጋሉ። ጣታቸው ሙልጭ ካለ ራሳቸውን ይነቀንቁና «ይሄ ገና ይዋሻል» ብለው ወደ ውሃው ይመልሱታል። ሲጥ ካለ ደግሞ «አሁን እውነቱን ተናገረ» ይሉና በአፉ ደፍተው ያስቀምጡታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ብርጭቆ ሲያናዝዙ ኖረዋል ማለት ነው።

እሷ ወደዚያ ቤተ ሙከራ የመጣችው ከምታስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአንድ ዓመት ተኩል የትምህርት ፈቃድ ተሰጥቷት ነው። ሥራዋም ከግራፋይት ግራፊን ማውጣት ነበር፤ ያውም በርካሽ። ግራፋይት ማለት እርሳሳችን ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ነው። ሲያዩት አንድ ወጥ ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንደ ወፍራም መጽሐፍ በስስ ቅጠል ላይ ቅጠል ተደራርቦ የተኛ ነው። ከዚያ መጽሐፍ አንዷን ቅጠል ብቻ መገንጠል ቢቻል ያቺ ቅጠል ግራፊን ትባላለች፤ በስስነቷ አቻ የላትም፣ ኤሌክትሪክም በደንብ ታስተላልፋለች። ችግሩ ቅጠሎቹ መለያየት አለመውደዳቸው ነው። በግድ ቢለያዩም እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት ሰው ዞር ሲልላቸው መልሰው ይጣበቃሉ።

ያላቸው አገሮች ይህን የሚሠሩት በውድ መሣሪያና በውድ ፈሳሽ ነው። በዚህ ቤተ ሙከራ ግን መሣሪያው ከተበላሸ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የታዘዘው ፈሳሽም አልመጣም። የቀራት አንድ ብሌንደር ነበር። የግቢው ካፌ ሰዎች ውሃ ያፈሳል ብለው የጣሉትን ብሌንደር አባ ሰባቴ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጓሮ አነሱት፤ ከአሮጌ የመኪና ካላማዳሪ ክብ ጎማ ቆርጠው ከሥሩ አስገቡለት፣ አጠቡት፣ ሰባት ጊዜ አለቀለቁትና ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩላት።

«ፓፓያ ሲፈጭ የኖረ ነው። ድንጋይም ቢሰጡት እምቢ አይልም» አሏት።

የግራፋይቱን ዱቄት ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ ሰዓት በብሌንደር ታሽከረክራለች፣ በጠርሙስ ትቀዳለች፣ መስኮቱ ሥር ትደረድራለች። የምትፈልገው ውሃው አመድማ እንደ ሆነ እንዲቆይ ነው፤ ተገንጥለው የቀሩ ቅጠሎች ውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው ይቆያሉና። በማግስቱ ጠዋት ግን ውሃው እንደ ምንጭ ጠርቶ፣ ጥቁሩ ከታች ተኝቶ ታገኘዋለች። አንድ ጠርሙስ፣ አምስት ጠርሙስ፣ አሥራ ዘጠኝ ጠርሙስ። የክፍሉ ኃላፊ፣ አማካሪዋም እሱ ነበር፣ እያንዳንዱን አንስቶ ወደ ብርሃን ይይዝና ያስቀምጠዋል። አንድ ቀን ግን እንዲህ አለ፤ እስከ ተርሙ መጨረሻ ውጤት ካልታየ ቦታው ለሌላ ተማሪ ይሰጣል፣ እሷም ወደ ጠመኔዋ ትመለሳለች። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ለእሱም ከላይ የተነገረው ይኸው ነበር።

ያን ሰሞን ነው አባ ሰባቴ እጃቸውን እያደራረቁ ወደ ጠረጴዛዋ የመጡት።

«ልጄ፣ የማክሰኞው ባልዲ እስካሁን አልጠራም።»

«የቱ ባልዲ?» አለች፣ ዓይኗን ከሚዛኑ ላይ ሳታነሳ።

«ያንቺን ብሌንደር ያጠብኩበት። ጠርሙሶችሽ አንድ ሌሊት አድረው ጥቁሩ ከታች ይተኛል። የኔ ባልዲ ግን ይሄው ዛሬ ዓርብ ነው፣ አሁንም አመድማ እንደሆነ ነው። አልተኛም።»

«ሳሙና ስላለው ነዋ፣ ጋሼ።»

«እኔስ ሌላ ምን አልኩሽ?»

እሷ ቁጥር እየቆጠረች ነበር፤ እንዳይጠፋባት ፈራች። «ለዶክተሩ ይንገሯቸው» አለች፤ ዝም ለማሰኘት ያህል።

ለኃላፊው ነገሩት። በጠዋቱ የሻይ ሰዓት፣ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ ብርጭቋቸውን እንደያዙ፣ «ዶክተር፣ ይቺ ልጅ ውሃዋ ላይ ትንሽ ሳሙና ብታደርግበትስ?» አሉት።

ኃላፊው ከልቡ ሳቀ። «ጋሼ፣ እኛ እርስዎን የቀጠርንዎት ሳሙና እንዲያስወጡልን ነው። ማስገባት ጀመሩ እንዴ?» ቀጥሎም ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ፣ በዚህ ሥራ ከንጹሕ ውሃና ከግራፋይት ሌላ አንዳች ነገር እንዳይገባ፣ የገባ ነገር ሁሉ ቆሻሻ እንደሆነ፣ ውጤቱንም ማንም እንደማያምነው አስረዳ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እሷም ሳቀች። ነገሩ ስላሳቃት አልነበረም፤ አማካሪዋ ስለሳቀ ነው። አባ ሰባቴም አብረው ሳቁ፤ ብርጭቋቸውን አጥበው፣ ደፍተው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ነው ያ ቀን፣ መጋቢት አሥራ አራትም ይሁን ሌላ ቀን፣ የመጣው። ጠዋት የታጠበውን ብሌንደር አባ ሰባቴ ራሳቸው አምጥተው ሰጧት። ዱቄቱን መዘነች፣ ውሃውን ጨመረች፣ ቁልፉን ተጫነች፤ ጩኸቱ ራስ ስለሚያዞር እንደ ልማዷ ጎረቤት ክፍል ገብታ ተቀመጠች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስትመለስ ብሌንደሩ እንደ ገነፈለ ወተት ግራጫ አረፋ ይተፋል። አረፋው ክዳኑን አልፎ፣ ጠረጴዛውን ሞልቶ፣ ወንበሩ ላይ ይንጠባጠባል። ሶኬቱን ነቀለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ዕቃ ታጥቧል?»

አባ ሰባቴ መጥተው ጣታቸውን አረፋው ውስጥ ነከሩ፣ አሹት፣ አሸተቱት። «ሳሙና ነው» አሉ።

«ሳሙና መሆኑንማ አየሁ።»

«ሳላለቀልቀው ቀርቼ ይሆናል።»

«እርስዎ?»

«እጅም ያረጃል፣ ልጄ።»

ሌላ ሰው ቢሆን በጮኸችበት። በእሳቸው ላይ ግን አልቻለችም፤ እንባዋ ብቻ አፍንጫዋ ድረስ መጣ። የቀሯት አሥራ አንድ የሥራ ቀናት ናቸው፤ አንዱ በአረፋ ሄደ። «ይድፉት በቃ» አለች። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። እዚህ ላይ ነው ዝናቡ የሚመጣው፤ ጃንጥላ ሳትይዝ ወጥታ፣ ጫማዋ ውሃ ቋጥሮ ሲንቆራጨጭ ትሰማዋለች። ይህ ትዝታ የዚያን ቀን ይሁን የሌላ ቀን ዛሬ ድረስ አታውቅም።

በማግስቱ ስትገባ መስኮቱ ሥር ያሉት ጠርሙሶች ሃያ ሆነው አገኘቻቸው። አሥራ ዘጠኙ ጠርተዋል። ሃያኛው የደመና ቀለም ይዟል።

«ይድፉት ብዬ አልነበረም?» አለች።

«ረሳሁት» አሉ አባ ሰባቴ፣ ከሲንኩ ሳይዞሩ።

አልደፋችውም። በሦስተኛው ቀን አልጠራም። በአምስተኛውም ቀን አልጠራም። ሳሙናው በእያንዳንዱ ስስ ቅጠል ዙሪያ ገብቶ፣ ኩርፊያቸውን አጽንቶላት፣ እንዳይታረቁ ይዟቸው ነበር። በስድስተኛው ቀን ከላይ ያለውን አመድማ ውሃ በብሩሽ እየነከረች ወረቀት ላይ ደጋግማ ቀባች፤ አደረቀችው፣ አጥባ እንደገና አደረቀችው። ከዚያ በወረቀቱ አንድ ጫፍ ባትሪ፣ በሌላው ጫፍ የሩዝ ፍሬ የምታህል አምፖል አገናኘች።

በሩ ላይ ጋዋን ተንኮሻኮሸ። «በራች እንዴ?»

«በራች፣ ጋሼ።» ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

«እንግዲያ ምን ያስለቅስሻል?» ብለው ያቺን አራት ቦታ የታጠፈች ነጭ ጨርቅ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ከዚያ በፊት ለማንም አልሰጡም፤ ከዚያም በኋላ መስጠታቸውን የሰማ የለም።

ናሙናው ትልቅ ማይክሮስኮፕ ወዳለበት ተልኮ ሥዕሉ ሲመጣ ተገንጥለው የቀሩት ቅጠሎች ታዩ፤ ጥቂቶቹ አንድ ለአንድ፣ ብዙዎቹ አራትም አምስትም ሆነው። ኃላፊው ሥዕሉን እያየ ሁለት ጊዜ ተቀምጦ ሁለት ጊዜ ተነሣ። በኋላ ስታነብ በሌላ አገርም ሰዎች በብሌንደርና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይህንኑ እንዳደረጉ አገኘች፤ ይሁን እንጂ በዚያ ቤት ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ወይም አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ኃላፊው አባ ሰባቴን አስጠራ። «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሳሙናው እንዴት ቀረ?»

«ዓይኔ ነው፣ ዶክተር። መነጽሬ ተሰብሮ በደንብ አላይም።»

«ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ስሕተት፣ እሱም ለበጎ» አለና ትከሻቸውን መታ መታ አደረገ። ተማሪዎቹም ያን ሰሞን አሾፉባቸው፤ አባ ሰባቴ ቀርቶ «አባ ስድስቴ» አሏቸው። እሳቸው ፈገግ ብለው ያልፋሉ። እሷ ግን መነጽራቸው በጥቁር ክር ታስሮ ሲንኩ ላይ አጎንብሰው በዓይነ ሕሊናዋ ስላየቻቸው አመነች። ማመኑም ቀላል ነበር። ጽሑፏ ውስጥ፣ ገጽ አርባ አንድ ላይ፣ እንዲህ ብላ አሰፈረችው፦ «የመፍጫ ዕቃው በአግባቡ ባለመለቅለቁ የቀረው ሳሙና በአጋጣሚ ከድብልቁ ጋር ሊቀላቀል ችሏል።»

ተመረቀች። ጽሑፉ ሲጠረዝ አባ ሰባቴ አንድ ቅጂ ጠየቋት፤ ሰጠቻቸው። በየምሳ ሰዓቱ ጣታቸውን በመስመሩ ሥር እየጎተቱ፣ ያልገባቸውን እየዘለሉ፣ በሁለት ወር ጨረሱት።

«እንዴት አገኙት፣ ጋሼ?»

«ጥሩ ታጥቧል» አሉ። ትንሽ አሰቡና፣ «አንድ ቦታ ብቻ ሳሙና ቀርቶበታል።»

ሁለቱም ሳቁ። እሷ የሳቀችው ቀልድ መስሏት ነው።

አንድ እሑድ ምሳ ጋብዘዋት ቤታቸው ሄደች። ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ መደርደሪያው ላይ ያ ጽሑፍ ከቤተሰቡ ፎቶ ጎን ቆሟል፣ ገጽ አርባ አንድ ላይ የክብሪት እንጨት ገብቶበታል። ባለቤታቸው ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይገልጡና «ባለቤቴ መጽሐፍ ላይ ወጥተዋል» ይላሉ። የተጻፈው ምን እንደሆነ ማንበብ አያስፈልጋቸውም። ምሳ ተበልቶ አባ ሰባቴ ሳህን ለማንሣት ብድግ ሲሉ ባለቤታቸው በዓይን መለሷቸው።

«ይቀመጡ» አሏቸው። ወደ እንግዳዋም ዞሩና፣ «እንደማያጥቡ አስምያቸዋለሁ። አንድ ብርጭቆ ሲያጥቡ አንድ በርሜል ውሃ ነው የሚያልቀው። ከተጋባን ሠላሳ አራት ዓመት፣ ቤቴ በጎርፍ ሳይወሰድ የቆየው በዚህ ነው።»

«ንጽሕና አትወድም» አሉ አባ ሰባቴ።

«ውሃ እቀዳለሁ እንጂ ውሃ አልወልድም» አሉ ባለቤታቸው።

ሦስት ዓመት አለፈ። ተማሪዋ በዚያው ቤተ ሙከራ መምህርት ሆነች፤ አሁን እሷም ብሌንደር አላት፣ የራሷ ተማሪዎች አሏት፣ ሳሙናም በማንኪያ እየተለካ ይገባል። አባ ሰባቴ ጡረታ ወጡ። በመጨረሻው ቀን ሻይና ኬክ ቀረበ፣ ኃላፊው ንግግር አደረገ፤ «አባ ስድስቴ» የሚለውን ቀልድም ሳይደግመው አላለፈም። ባልና ሚስቱ ልጃቸው ወደምትኖርበት ከተማ፣ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ወደሚያስኬደው፣ ጠቅልለው ሊሄዱ ነው፤ ጓዛቸው ቀድሟል። የግቢው ሰርቪስ ሁለቱንም ወደ መናኸሪያ ሊያደርሳቸው በር ላይ ቆሟል።

ባለቤታቸው አዲስ ሻሽ አስረው ከመምህርቷ አጠገብ ተቀመጡ። «ያን መነጽር አየሽው?» አሉ በሹክሹክታ። «ዛሬ እንኳ ይቀይሩት ብዬ እምቢ አሉኝ። ይሄው ከልጃችን ሠርግ ጀምሮ በክር ታስሮ።»

«ሠርጉ ላይ ነው እንዴ የተሰበረው?»

«እንዴታ። ዘፈኑን ሰምተው ብድግ ሲሉ ወደቀና ራሳቸው ረገጡት። ያንቺ አምፖል በበራችበት ዓመት፣ ሚያዝያ ሃያ ሰባት። የልጄን ሠርግ ቀን ልረሳ ነው? እስከዚያ ድረስ እንኳን ሳሙና፣ የመርፌ ዓይን አይስቱም ነበር።»

መምህርቷ የያዘችውን ኬክ ሳህኑ ላይ መለሰችው። ያ የአረፋው ቀን ከሠርጉ ወዲያ፣ ሚያዝያ መጨረሻ ከነበረ፣ ዝናቡም እውነት ከሆነ፣ እኚህ ሰው በሃያ ስድስት ዓመት አንዴ ተሳስተዋል ማለት ነው። መጋቢት አሥራ አራት ከሆነ ግን መነጽራቸው ደህና ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ያላጠፉትን ሁለት ጥፋት፣ ሳያለቀልቁ መተውንና ሳይደፉ መርሳትን፣ በአንድ ቀን ሆን ብለው አጥፍተው፣ መልካም ስማቸውን ለእሷ ሲሉ ሰጥተው ዝም ብለዋል ማለት ነው። እሷም ያንን ዝምታ ተቀብላ፣ በአጋጣሚ ብላ፣ አስጠርዛዋለች። ባልዲው ትዝ አላት። በሻይ ሰዓት የሳቀችው ሳቅም ትዝ አላት።

ብድግ ብላ ወደ ማጠቢያው ክፍል ገባች። አባ ሰባቴ ጋዋናቸውን አውልቀው፣ የኮታቸውን እጅጌ ሁለት ጊዜ አጥፈው፣ ሻይ የተጠጣባቸውን ብርጭቆዎች እያጠቡ ነው።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ይተዉት። ሰው አለ እኮ።»

«ሰውማ አለ። ብርጭቆ ሲዋሽ የሚሰማ ነው የሌለው።»

«እሺ፣ እኔ ላለቅልቅ።»

«አንቺ? ሳሙና ታስቀሪብኛለሽ።»

ፊታቸውን አየች። መነጽሩ በጥቁር ክር እንደታሰረ ነው፤ ከኋላው ያለው ዓይን ውሃውን እንጂ እሷን አያይም። ቀልድ ይሁን ሌላ ከፊታቸው ማንበብ አልቻለችም። ፎጣ አንሥታ ከጎናቸው ቆመች። ደፍተው የሚያቀብሏትን አንድ በአንድ ስታደርቅ፣ የመጨረሻው ብርጭቆ ሲደርስ እጠይቃቸዋለሁ አለች በልቧ። ምን ብላ እንደምትጀምር አስባ ጨርሳለች፤ ጋሼ፣ የዚያን ቀን ብሌንደሩን ሲያመጡልኝ ሳሙና እንዳለበት ያውቁ ነበር ወይ? ካወቁ ገጽ አርባ አንድን አስተካክላለሁ።

የመጨረሻው ብርጭቆ ደረሰ። አባ ሰባቴ አሹትና ቧንቧው ሥር አስጠጉት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ በልቧ ቆጠረች። ወደ ሰባት ሲጠጋ ትናገራለች።

አራት።

ውጭ ሰርቪሱ ጡሩንባውን ነፋ። «ኧረ አውቶቡሱ ያመልጠናል፣ ሰውዬ!» የሚል የባለቤታቸው ድምፅ ከኮሪደሩ መጣ።

አምስት።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ...»

«ያዢ» አሉ፣ እርጥቡን ብርጭቆ እጇ ላይ አኑረው። «የቧንቧውን ጨርሻለሁ። የተጣራው ሁለቱ ቀርቷል፤ እሱን አንቺ ጨርሺው።»

እጃቸውን በዚያች ነጭ ጨርቅ አደረቁ፤ አራት ቦታ አጥፈው ሲንኩ ጠርዝ ላይ ተዉላት። በሩ ጋ ሲደርሱ የኮታቸውን እጅጌ ወደ ታች ዘረጉ። በሌላኛው እጇ የተጣራውን ውሃ ዕቃ ስትፈልግ እርምጃቸው ደረጃውን ሲወርድ ሰማች፤ ከዚያ የሰርቪሱ በር ተዘጋ።